አሞራዋ ከሞት በፊት መጣች

አንድ ጊዜ፣ ከደጋው ተራራ ግርጌ በተዘረጋ፣ ጎርባ በሚባል ቆላማ ሸለቆ ውስጥ፣ አራዊት ሁሉ ከአንድ ወንዝ እየጠጡ በአንድ ንጉሥ ፍርድ ይኖሩ ነበር። ንጉሡ አያ አንበሶ ነው። ጋማው ሸብቷል፤ ጥርሱ ተሸራርፏል፤ ድምፁ ግን ያኔም ቅጠል ያረግፍ ነበር። በስተርጅናው አንድ ደቦል ተወልዶለት ዓይኑን ከእሱ አይነቅልም።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። መስከረም ሊጠባ ሲል በስተምሥራቅ ያለው ኮረብታ ተናደ፤ ከናዳውም ሥር አዲስ ምንጭ ፈለቀ። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ሣር በል ሁሉ ጨው ይወዳልና፣ ከወንዙ እየተለየ ወደ ናዳው ምንጭ ብቅ የሚለው በየቀኑ እየበዛ ሄደ። «እንዴት ይጥማል!» ተባለለት እንጂ ክፉ ነገር የተናገረበት አልነበረም።

ጥቅምት ሲገባ ሞት መጣ።

መጀመሪያ የሞተችው ሰስ ናት። ከዚያ ሁለት ሚዳቋዎች ተከተሉ፤ ከዚያ አጋዘን፤ ከዚያ የሜዳ አህያ። አሟሟታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ምግብ ይጠላሉ፤ አንድ ቀን ተኝተው ይውላሉ፤ ከዚያ አይነሱም። አራዊቱን ያስፈራቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አንዱ ሊሞት ሲል፣ ገና ትንፋሹ ሳይወጣ፣ እመት አሞራ ከምዕራቡ ገደል ተነሥታ ከራሱ በላይ ትዞራለች።

እመት አሞራ ነገር የማታበዛ፣ አንገተ መላጣ፣ መልኳ ለማንም የማይጥም እናት ነበረች። ከገደሉ ጫፍ ላይ ከአንዲት ጫጩቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ወዳጅ የላትም። ማን ከአሞራ ጋር ይወዳጃል?

ስድስተኛው ሞት የደረሰው ከእመት አህይት ቤት ነው። ያላት አንድ ውርንጭላ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ውርንጭላው ሣር ላይ ተኝቶ ሳለ የትልቅ ክንፍ ጥላ በጎኑ ላይ አለፈ። ዞሮም ተመልሶ አለፈ። እናቱ ቀና ስትል አሞራዋን አየች።

«ሂጂ! ከልጄ ላይ ሂጂልኝ!» ብላ ወደ ሰማይ ጮኸች።

አሞራዋ አልሄደችም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውርንጭላው አንገቱን በእናቱ ሰኮና ላይ አስደግፎ ሞተ።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል እመት ቀበሮና አያ ጅቦ ነበሩ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እመት አህይት» አለች ቀበሮ አንገቷን ደፍታ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ ጅብም ምራቁን እየዋጠ። «ለመሆኑ ገና ትኩስ ነው?»

ቀበሮ በጅራቷ መታ አደረገችውና ወደ አህያዋ ጠጋ አለች። «በሐዘንሽ ላይ ሐዘን መጨመሬ አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከሞቱና ከአሞራዋ የትኛው ቀድሞ መጣ?»

«አሞራዋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሷ ስትመጣ ልጄ በሕይወት ነበር።»

«እንግዲህ የቀደመ ነው ያመጣው» አለች ቀበሮ በቀስታ። «እኔ ግን ምንም አላልኩም። ያልሽው አንቺው ነሽ።»

ቀበሮ ይህን ያለችው ለአህያዋ አዝና አይደለም። አሞራ ከሰማይ ስለምታይ የወደቀ ሥጋ ላይ ሁልጊዜ ቀድማ ትደርሳለች፤ ቀበሮና ጅብ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው አጥንት ነው። አሁን ሥጋ በሸለቆው በዝቷል። አሞራዋ ብትወገድ ሁሉም የእነሱ ነው።

ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ ሸለቆውን አዳረሰ። በማግሥቱ አራዊት ሁሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ፤ ነብርም አሞራዋን ከገደሏ አውርዶ በንጉሡ ፊት አቆማት።

«እመት አህይት፣ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አለ አያ አንበሶ።

አህያዋ ቆማ ያየችውን ተናገረች። አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም። ከእሷ ቀጥሎ የሰሷ ባል፣ ከእሱም ቀጥሎ የሚዳቋዎቹ እኅት ተናገሩ። የሁሉም ቃል አንድ ነበር። አሞራዋ መጣች፤ ከዚያ ሞት መጣ።

ንጉሡ ወደ አሞራዋ ዞረ። «በስድስቱም ላይ ዞረሻል?»

«ዞሬያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ከመሞታቸው በፊት?»

«ከመሞታቸው በፊት።»

«ታዲያ ምን መልስ አለሽ?»

«አልገደልኳቸውም። መታመማቸውን ከላይ አይቼ ነው የመጣሁት። አካሄድ ሲዛባ ከሰማይ ይታያል።»

«ሰማችሁ?» አለች ቀበሮ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ እንለዋለን። ስድስት ጊዜ! ስድስቱንም ቀድማ!»

ሸለቆው በጩኸት ተሞላ። አያ አንበሶ መዳፉን አነሣና ጸጥ አሰኛቸው። ከዚያም ከባዱን ቃል ተናገረ፦ አሞራዋ በዚያው ቀን ትሙት፤ ዝንጀሮም ጎጆዋን ከገደሉ ያውርድ።

እመት አሞራ አልጮኸችም። «ለራሴ አልለምንም፣ ጌታዬ» አለች። «ጫጩቴ ግን ክንፏ ገና ነው። ወድቃ መብረር አትችልም።»

በዚህ ጊዜ ከሕዝቡ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ፍርዱ ጥቂት ይቆየኝ፣ ጌታዬ።»

እመት ዔሊ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ የደረሰችው ገና ያኔ ነው። አራዊቱ መንገድ ለቀቁላት፤ እስክታልፍም ድረስ ቆመው ጠበቁ።

«ምን አለሽ?» አለ ንጉሡ።

«ጌታዬ፣ እኔ የምኖረው የወንዙ መንገድና የናዳው ምንጭ መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ነው። ማንም ውሃ ፍለጋ ሲወጣ በደጄ ያልፋል። እኔ ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ፤ ቀኔ ሲመሽ የሠራሁት ነገር የለኝም። ስለዚህ ማን በየት በኩል እንዳለፈ እያስታወስኩ አድራለሁ። በዚህ በሽታ ነገር የማውቀው ቀኑን ነው። አያ ዝንጀሮ፣ እባክህን አሥራ አምስት ጠጠር በመስመር ደርድርልኝ።»

ዝንጀሮ ጠጠሮቹን በመሬት ላይ ደረደረ።

«እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ቀን ነው» አለች ዔሊ። «የመጨረሻው ውርንጭላው የሞተበት ቀን ነው። እመት አህይት፣ ነይ ልጄ። በዚያ ላይ ጥቁር ድንጋይ አድርጊበት።»

አህያዋ በአፏ ጥቁር ድንጋይ አንሥታ አስቀመጠች። 

«አሞራዋን ያየሽበት ቀን ላይ ደግሞ ይህን ላባ አድርጊ።»

አህያዋ ወደ ኋላ ቆጥራ ላባውን በአሥራ ሦስተኛው ጠጠር ላይ አኖረችው።

«አያችሁ፣ ላባው ይቀድማል!» አለች ቀበሮ።

«ይቀድማል» አለች ዔሊ። «አሁን እሾህ ስጧት። እመት አህይት፣ የልጅሽ ጉልበት መጀመሪያ የተንቀጠቀጠበት ቀን የትኛው ነው?»

አህያዋ እሾሁን በአፏ እንደያዘች ቆመች።  ዓይኗ ከጠጠር ወደ ጠጠር ይሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ እሾሁን መሬት ጣለችና ዝቅ ባለ ድምፅ «አልጠባም ብሎኝ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ላባው ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት። ጠዋት ሲነሣ ጉልበቱ ከድቶት ተንበረከከ። ሲሯሯጥ ውሎ ደክሞት ነው ብዬ ሳቅኩበት።»  እሾሁን አንሥታ በአሥራ ሁለተኛው ጠጠር ላይ፣ ከላባው በፊት አኖረችው።



«አሁን እኔ ያየሁትን ልናገር» አለች ዔሊ። «ልጅሽ ከሚዳቋ ግልገሎች ጋር ወደ ናዳው ምንጭ ሲሄድ በደጄ አልፏል። ያ ቀን ይህ ነው።» አንዲት ቅጠል እየገፋች ወስዳ በሦስተኛው ጠጠር ላይ አስቀመጠች። «ከቅጠሉ እስከ እሾሁ ዘጠኝ ቀን ነው።»

«አዎ» አለች አህያዋ። «በከንፈሩ ላይ ነጭ የጨው ዱቄት ይዞ መጥቶ ነበር። በምላሴ ጠረግኩለት።»

«የሌሎቹም እንዲሁ ነው፣ ጌታዬ» አለች ዔሊ። «ስድስቱም ከናዳው ምንጭ ጠጥተዋል። ከጠጡ በኋላ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ደኅና ይሆናሉ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። አሞራ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነት ነው፣ ከሞቱ በፊት መጥታለች። ነገር ግን ሞቱ የጀመረው በሞቱበት ቀን አይደለም።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «ጌታዬ፣ ይህች አሮጊት ላባው ስለቀደመ አትመኑ አለችን፤ መልሳ ደግሞ ቅጠሉ ስለቀደመ እመኑ ትለናለች። መቅደም ብቻውን ካልበቃ ለእሷ ቅጠል እንዴት በቃ?»

«መልካም ጠየቅሽ» አለች ዔሊ ሳትቆጣ። «እኔም ተሳስቼ ነበር። የመጀመሪያዋ ሰስ ከመሞቷ በፊት የምሥራቅ ነፋስ ነፍሶ ነበርና ገዳዩ እሱ ነው ብዬ ከረምኩ። ግን ነፋሱ የነፈሰው በሁላችንም ላይ ነው። ጎሽም እኔም አልታመምንም። ምንጩን ግን ሁሉም አልጠጣውም። ከጠጡት ስድስቱ ሞቱ፤ ጃርት አንዴ ቀምሶ ድኗል፤ ለምን እንደዳነ አላውቅም። ሳይጠጣ የሞተ ግን አንድም የለም።»

አያ አንበሶ ጠጠሮቹን አተኩሮ አያቸው። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሁለት ነገር። ምንጩ ዛሬውኑ ይዘጋ። አሞራዋ ደግሞ አትገደል፤ ከጎጆዋ ሳትነሣ ነብር ይጠብቃት። ከዚያ በኋላ ቀን እንቁጠር። የገደለችው እሷ ከሆነች፣ እሷ ታስራ የሚታመም አይኖርም። ምንጩ ከሆነ ግን…» ዔሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። «ምንጩ ከሆነ ገና ሦስት አሉ።»

«እነማን?»

«አያ ከርከሮ ከጠጣ ዛሬ ስድስት ቀኑ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ይታመማል ብዬ እፈራለሁ። ድኩላ አራት ቀኑ ነው። እሱ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ።»

«ሦስተኛውስ?»

ዔሊ ዝም አለች።

«ተናገሪ!»

«ደቦልዎ ነው፣ ጌታዬ። ከትናንት በስቲያ ከከርከሮ ልጆች ጋር ሲጫወት ጠጥቷል። ከሰባት ቀን በኋላ ነው።»

አንበሳው አገሣና መዳፉን ከዔሊዋ የድንጋይ ልብስ በላይ አነሣ።  ዔሊ አልሸሸችም፤ ብትሸሽስ የት ትደርሳለች? የሸለቆው ሽማግሌ ጎሽ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የምትለው ሐሰት ከሆነ በሰባት ቀን ውስጥ ይታያል። ያን ጊዜ ሁለቱንም መቅጣት አይቸግርም።»

መዳፉ ቀስ ብሎ ወረደ። «ምንጩ ይዘጋ» አለ ንጉሡ። «እንቁጠር።»

ዝንጀሮዎች ድንጋይ እያንከባለሉ ምንጩን ዘጉ። አሞራዋ ከጫጩቷ ጋር በጎጆዋ ተቀመጠች፤ ነብር ከሥሯ ተኛ። ንጉሡ ከማዕዱ የተረፈ ቁራጭ ሥጋ ዝንጀሮ እያመላለሰ እንዲያቀብላት አዘዘ።

በሦስተኛው ቀን የከርከሮ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። በአምስተኛው ቀን ድኩላ ወደቀ። የዚያኑ ዕለት ከርከሮ ሞተ።

ሕዝቡ ቁጣው ገነፈለ። የተቆጣው ግን በምንጩ ላይ አልነበረም። ቀበሮ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞረች «አላስተዋላችሁም?» ትል ነበር። «ዔሊ ‹ከርከሮ ይታመማል› አለች፤ ታመመ። ‹ድኩላ› አለች፤ ወደቀ። አስቀድማ የተናገረችው ማን ናት? አፏ ነው የሚገድል! አሞራዋና እሷ አንድ ናቸው።»

«ምንጩማ ከተዘጋ አምስት ቀን ሆነው፤ ሞቱ መቼ ቆመ?» አሉ ሌሎቹ።

በዔሊ ደጅ ተሰብስበው ድንጋይ ያነሡ ጀመር። እሷ ከልብሷ ውስጥ ሆና «ምንጩ የተዘጋው ለሚመጡት ቀኖች ነው፤ ላለፉት አይደለም» እያለች ትናገራለች። «ጎተራውን ብትዘጉ ትናንት የተዘራው እህል መብቀሉን ይተዋል እንዴ?» የሚሰማት አልነበረም።

ድንገት ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። አያ አንበሶ በመካከላቸው ቆሞ ነበር። ከስቷል። ከዋሻው ደጅ ጠጠር ደርድሮ ቀን ይቆጥር እንደነበረ ሁሉም ሰምተዋል።

«የድኩላ ሚስት የት አለች?» አለ። እሷም ወጣች። «ባልሽ ከምንጩ የጠጣው መቼ ነበር?»

«ከዛሬ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ጌታዬ። አብሬው ነበርኩ። እኔ ጨው አልወድም።»

«ዔሊ የተናገረችውስ?»

«ከዛሬ አምስት ቀን በፊት።»

አንበሳው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገድላል?»

 ድንጋይ ያነሡት ድንጋያቸውን ጣሉ።

«ሁለት ቀን ቀርቶኛል» አለ አያ አንበሶ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ተመልሶም ሄደ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ደቦሉ እንደ ወትሮው ከአባቱ ጅራት ጋር ሊጫወት ተነሣ። ሁለት እርምጃ ተራመደ። የፊት ጉልበቱ ታጠፈና በአፍንጫው መሬት ወደቀ። እናቱ አንበሲት ሮጣ አነሣችው፤ እንደገና ወደቀ።

አያ አንበሶ መጀመሪያ ያየው ወደ ሰማይ ነው። ሰማዩ ባዶ ነበር። ዞሮ ወደ ምዕራቡ ገደል አየ። እመት አሞራ በጎጆዋ ጫፍ ላይ፣ ነብርም ከሥሯ ነበሩ። ከሰባት ቀን ጀምሮ ከዚያ አልተነሣችም።

አንበሳው በልጁ አጠገብ ተጋደመ። ያን ቀን፣ ማግሥቱን፣ ሣልስቱንም አልተነሣም። የወንዝ ውሃ በአፉ እያመጣ አፍስሶለታል፤ ደቦሉ አንዳንዱን ዋጠ፤ አንዳንዱ በአገጩ ፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ደቦሉ መተንፈስ አቆመ።

የአንበሲት ጩኸት እስከ ደጋው ተሰማ። ቀበሮ ከኋላ ቀርባ በሹክሹክታ «ጌታዬ፣ አሁንም አሞራዋን ዝም ይሏታል?» አለች።

አያ አንበሶ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ልጄ ሞተ» አለ። «ሰማዩ ግን ባዶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ተቆጠሩ። ምንጩ ከተዘጋ አሥር ቀን ሞላ፤ አዲስ የታመመ የለም። አሥራ አምስት ሞላ። ሃያ ሞላ። እናቶች ልጆቻቸውን ጠዋት ሲቀሰቅሱ ጉልበታቸውን ማየት ተዉ። ያኔ ንጉሡ አራዊቱን እንደገና ከዋርካው ሥር ሰበሰበ።

«ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት» አለ፣ «ከዚያ ምንጭ ጠጥቶ እስካሁን ዝም ያለ ካለ ይናገር። አልቀጣም። ለዔሊ ቁጥር ይጠቅማታል።»

አንዱ ‹አልጠጣሁም› አለ፤ ሌላውም ‹አልጠጣሁም› አለ። ተራው ለአያ ጅቦ ደረሰ።

«እኔስ ምኔ ሞኝ ነው!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «ሚዳቋዎቹ የሞቱ ሰሞን ልጠጣ ስል እመት ቀበሮ ‹ተው፣ ከዚያ የጠጡት ናቸው የሚወድቁት› ብላ አስጣለችኝ። ደግ ጓደኛ ናት። ‹ዝም ብለህ ሥጋውን ጠብቅ፤ ለማንም እንዳትናገር› ብላኛለች። ለማንም አልተናገርኩም!» ብሎ በኩራት ዙሪያውን ቃኘ።

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እመት አህይት ከመካከል ወጥታ በፊቷ ቆመች።  «ልጄ ሲሞት አጽናናሽኝ» አለች። 

 ንጉሡ ቀበሮን ከሸለቆው አሰደዳት፤ እሷም ከተራራው ወዲያ ማዶ ጠፋች። ጅብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በምንጩ ላይ ድንጋይ እንዲቆልል ተፈረደበት። ምን እንዳጠፋ እስከ መጨረሻው አልገባውም ይባላል።

ከዚያ አያ አንበሶ እመት አሞራን አስጠራ። ሕዝቡ በሙሉ እያየ አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

«በአንድ ቀን ልገድልሽ ነበር» አለ። «ዔሊ ቀን ባትለምንልሽ ኖሮ ልጄ ሲሞት ‹መርገሟ አለቀቀንም› እንል ነበር፤ ምንጩም እስከ ዛሬ ክፍት ይሆን ነበር። ከእንግዲህ አሞራ በአንድ አውሬ ላይ ስትዞር ያየ ሁሉ ወደ ላይ ድንጋይ አይወርውር። ወደ ታች ሮጦ የታመመውን ‹ከመቼ ጀመረህ? ከዚያስ በፊት ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ?› ብሎ ይጠይቅ።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች አሞራዋ። 

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ እመት አህይት ወደ ምዕራቡ ገደል ሄደች። ገደሉን መውጣት አትችልምና ከሥሩ ቆማ ጠበቀች። እመት አሞራ አይታት ወረደች። ሁለቱ ጥቂት ተራርቀው ቆሙ።

«በሐሰት አልመሰከርኩብሽም» አለች አህያዋ። «ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት። መጀመሪያውን አላየሁትም። ሳቅኩበት አይደል ያልኩት?» አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። «ይቅር በይኝ።»

አሞራዋ መላጣ አንገቷን አቀረቀረች። «እኔም የምልሽ አለኝ» አለች። «ልጅሽን አልገደልኩም። ሆኖም በላዩ ላይ ስዞር ርቦኝ ነበር። ጩኸትሽን እየሰማሁ አልሄድኩም። ጫጩቴም ርቧት ነበርና። ለዚያ አንቺ ይቅር በይኝ።»

አህያዋ ይህን አልጠበቀችም። ለመሄድ ዞረች፤ ጥቂት ተራመደችና ቆመች። ከገደሉ ጫፍ ጫጩቷ አንገቷን አስግጋ እናቷን ትጣራ ነበር።

«ውጪላት» አለች እመት አህይት ፊቷን ሳትመልስ። «ልጅ ሲጠራ አይቆይም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከክፉ ነገር በፊት የታየ ሁሉ የክፉው አምጪ እንዳልሆነ፣ ምክንያትን በእውነት የሚሻም ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በትዕግሥት እየቆጠረ፣ ምልክቱን ከምክንያቱ ሳይለይ መፍረድ እንደሌለበት ነው።